ሳንታ ሪታ አልተቃጠለችም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለፊደንሲዮ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህን እንዴት አደረገህ? ኦቲሊያስ ደህና ናት? ልጆቹስ? ቲኋና ላይ ብርዱ ገብቷል ሲሉ ሰምቼ አሰብኳችሁ። እኛ ደህና ነን፤ የእማማ ዓይን ከፋሲካ ወዲህ ደከም ከማለቱ በቀር። ሰላምታዬ ከልቤ ነው። የሚቀጥለውን ግን ተቀምጠህ አንብበው።

አባባ ስለ ቅድመ አያቱ ስለ ዶን ኢላሪዮን ሲያወራልን ነው ያደግነው። ፈረንሳዮች ሜክሲኮን በወረሩ ጊዜ ሳንታ ሪታን አቃጥለው ዘመዶቹን ሲፈጁ እሱ ብቻ ተርፎ እዚህ ሳካቴካስ መጣ፣ ብር ማዕድን ገባ፣ ትዳር ያዘ ይለን ነበር። ሲታመም ሄደህ አገሩን እንድታይለት ለመነህ። ተመልሰህም ቁልቋልና የፈረሰ ካብ ብቻ ነው ያለው አልከው። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲሞት ሬሳውን የሚሸከም ዘመድ አጥተን የጎረቤት ልጆች ለመንን።

ባለፈው ወር ገበያ ውስጥ አይብ የምትሸጥ ሴት አየሁ። ግንባሯም፣ የተጋጠመው ቅንድቧም የአባባ ነው። ከየት ነሽ ብላት ከሳንታ ሪታ አለችኝ። የቤተሰብ ስሟ ባርሴናስ፣ እንደኛው። በማግስቱ አብሬያት በአውቶቡስ ሄድኩ።

ሳንታ ሪታ አልተቃጠለችም፣ ወንድሜ። ፈረንሳዮች ጭራሽ አልደረሱባትም። ዶን ኢላሪዮን ጨው ገዝቼ ልምጣ ብሎ ሚስቱን ቶማሳንና ሦስት ልጆቹን ጥሎ ነው የወጣው። ቶማሳ ሞቷል ብላ ጥቁር እንደለበሰች አረጀች። ይህን የነገሩኝ የልጅ ልጇ ዶኛ ኤድቪሄስ ናቸው፤ ዓይናቸው አያይም። አዘንኩ፤ ግን መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው ብዬ ልተወው ነበር።

ከዚያ እጄን ይዘው፣ «ወንድምሽስ ምነው በዚያው ቀረ?» አሉኝ።

የምን ወንድም አልኳቸው።

«ፊደንሲዮ ነዋ! እዚሁ ተቀምጦ ባቄላ በልቷል። አባትህን አምጣልን ብንለው ሞቷል አለን። አልቅሰን ቅዳሴ አስቀደስንለት።»

አባባ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሯል፣ ፊደንሲዮ።

እውነቱን ነገርኳቸው። «እንዲህ ከሆነማ ያ ልጅ የኢላሪዮን ዘር ለመሆኑ ምስክር አያሻውም» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ለምን እንዳደረግኸው ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትኩ። ያን ጊዜ ኦቲሊያን ልታገባ ነበር፤ ወገኖቿ ሚስቱን ጥሎ የጠፋ ሰው ዘር እንዳይሉህ ፈርተህ ይሆን? ወይስ አባባ የሚኮራበት ታሪክ እንዳይፈርስበት አዝነህ? ታሪኩ ሬሳውን አልተሸከመለትም።

በሙታን ቀን የሳንታ ሪታ ሰዎች በጭነት መኪና ተጭነው መጡ። የአባባን መቃብር አጸዱ፣ አደይ በሚመስል ቢጫ አበባ ሸፈኑት፣ ምግባቸውን እዚያው ዘርግተው በሉ። ዶኛ ኤድቪሄስ መስቀሉን በእጃቸው ዳበሱና፣ «ዘገየንብህ፣ የወንድሜ ልጅ» አሉት።

ኦቲሊያን ሳምልኝ። ለናቦርና ለካሲልዳ ሰላም በልልኝ፤ የሚመስሏቸው ብዙ ዘመዶች እንዳሏቸውም ንገራቸው። እማማ ትስምሃለች። «ፊደንሲዮ ምነው እነዚህን ሰዎች ሳያገኛቸው ቀረ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መንገዱ ጠፍቶት ይሆናል አልኳት። ላንተ ብዬ ከእንግዲህ አልዋሽም። ለገና ና፣ ራስህ ንገራት።

እህትህ ኤውላሊያ
ሳካቴካስ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1987