ለአዴ ፋጡ የወረደው ውኃ

ለምትናፍቂኝ እህቴ ለእትዬ አልጣሽ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመምስ ተሻለሽ? እመቤትሽ እሁድ እሁድ መውጣት ፈቀደችልሽ? ትንሣኤን እዚያ ቤይሩት ከማን ጋር ዋልሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የጎደልሽን አንቺ ብቻ ነሽ።

ባለፈው በስልክ «ምርምሩ አለቀ ወይ?» ስትዪኝ ኔትወርክ የተቋረጠ አስመስዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። በቃሌ ልነግርሽ ስላልቻልኩ ይኸው እጽፍልሻለሁ።

ከኢተያ በላይ ኮረብታው ላይ የምሠራውን ታውቂያለሽ። ቀን ፀሐይዋ ፓምፑን እያዞረች ውኃውን ከታችኛው ሮቶ ወደ ላይኛው ታወጣለች፤ ሲመሽ ያው ውኃ በቱቦ ወርዶ ትንሿን ተርባይን ያዞርና መብራት ይሰጣል። ያለ ባትሪ የቀኑን ፀሐይ ለማታ ማስቀመጥ ነው። ውኃው በቦቴ የመጣ ነው፤ ሳይነካ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ መቶ ሰማንያ ቀን ሳይቋረጥ መለካት ነበረበት። ጎረቤቴ ከዲሮ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ኢንጂነሯ፣ ይሄን ውኃ ቀኑን ሙሉ ዳገት አስወጥተሽ ማታ የምታወርጂው ምን አጥፍቶ ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። እኔም እየሳቅሁ ቀን እቆጥር ነበር። ልኬቱ ሲያልቅ አዳማ ሥራ ይጠብቀኛል፤ የቤቱን ወጪ እኔ እረከብሻለሁ፤ አንቺ ለመስቀል ትገቢያለሽ። ያልኩሽ ይህን አልነበር?

ዘጠኝ ቀን ሲቀረኝ የከዲሮ እናት አዴ ፋጡ አረፉ። ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ነው፤ የመንደሩ ቦኖ ደግሞ ከተበላሸ ሳምንት አልፎታል። ከዲሮ አህያው ላይ ጀሪካን ጭኖ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ቀልድ የለ፣ ምን የለ። «ሮሐ፣ እናቴ የምትታጠብበት ውኃ የለም» አለኝ።

እትዬ፣ ምን ልበለው? የምርምር ውኃ ነው ልበለው? አዴ ፋጡ እኮ የመጣሁ ሰሞን ብርድ እንዳይገድለኝ ጋቢ የላኩልኝ ሴት ናቸው። ቧንቧውን ከፈትኩት። ለገላቸው ያልኩት ለለቀስተኛውም፣ ለሶላት መታጠቢያም ሆነና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሮቶው ተጋመሰ። የቀረው ስላልበቃ የዚያን ቀን ማታ ተርባይኑ ሳይዞር ቀረ።

አብሮኝ የሚሠራው ብሩክ «የትናንቱን ቁጥር ገልብጪው፤ ማን ያያል?» አለኝ። አልዋሽሽም፣ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። አንቺንም አሰብኩ። ግን ነገ ይህን ቁጥር አምነው ለሌላ መንደር የሚሠሩ ሰዎች አሉ። መዝገቡ ላይ «ውኃው ለአዴ ፋጡ ቀብር ወረደ» ብዬ ጻፍኩና ለኃላፊያችን ለዶክተር እንደሻው ደወልኩ። ነገሩን ሰምተው «እኔም ብሆን እከፍተው ነበር፤ ልኬቱ ግን ተቋርጧል» አሉኝ። አሁን በልግ ገብቷል፤ ቀጥሎ ክረምት ነው፤ ለልኬቱ የሚበቃ ፀሐይ የለም። በጥቅምት እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ፤ እስከዚያ የዕቃው ጠባቂ እኔው ነኝ። የአዳማው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ለመስቀል አትመጪም ማለት ነው፣ እትዬ። ይህችን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ያዞርኩሽ።

ከዚህ ሆኜ የኢተያን የነፋስ ተርባይኖች አያለሁ። ቀኑን ሙሉ ይዞራሉ፤ ካሉበት ግን ንቅንቅ አይሉም። ጉም ሲዘጋብኝ መጮህ ያምረኛል። ደግሞ እጄ አያርፍም፤ ለጥቅምት ሌላ ሮቶ፣ የማልለካው፣ የመንደሩ የሆነ፣ ከጎን እንዲቆም ሥዕሉን ጀምሬያለሁ። ተቆጪኝ፤ ብቻ ጻፊልኝ።

አባባ ሰላም ብለውሻል፤ ነገሩን ሲሰሙ «ደግ አደረግሽ» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ። አብራሽ ለምታድረው ለማሂም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከዲሮ «እህትሽን ያስቀረኋት እኔ ነኝ በያት» ብሎኛል፤ በውኃው መቀለድም ትቷል። እማማ በብዙ ናፍቆት ትስምሻለች። እሷ ገና አልሰማችም፤ ትናንት አሰላ ስወርድ የአልጋ ልብስሽን አጥባ አጥር ላይ አስጥታው አገኘኋት፤ አገላብጬላት ተመለስኩ።

የምትወድሽ ታናሽሽ ሮሐ ኃይለየሱስ
ከኢተያ በላይ፣ አርሲ
ሚያዝያ ፮ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.