ተኝቶ ኖር ማለት

ኦክላንድ፣ ማክሰኞ ማርች 12 ቀን 1996

ዛሬ አለቃዬ ሊንዳ የልብ ምት የሚመዘግበውን ኢ.ኬ.ጂ. ማንሳትና ማንበብ መቻሌን የምትፈትነኝ ቀን ነበር፤ ካለፍኩ ብቻዬን እሠራለሁ። ታካሚው የእኛው ሰው ጋሽ ታደሰ ናቸው። አስተኝቼ ሽቦውን ለጥፌ ማንሳት እንደጀመርኩ ሊንዳ በሩን ስትከፍት ከማሽኑ በሚወጣው ወረቀት ላይ ያለው መስመር ድንገት ተተረማመሰ። ልባቸው የተዛባ መስሎኝ ክው አልኩ። ዞር ስል ለካ ጋሼ ከነሽቦአቸው ብድግ እያሉ ነው።

«ኖር!»

«ጋሼ፣ ይተኙ እንጂ! መስመሩን አበላሹብኝ።»

«ሰው ሲገባ ተንጋልዬ ልየው?»

አማርኛ የማታውቀው ሊንዳ ሳቀች። «ኖርማል ነኝ እያሉ ነው! አንተስ ምን ትላለህ?»

እንደገና አነሳሁ። ከእያንዳንዱ ሹል ምት በፊት ትንሿ ጉብታ አለች፤ ርቀታቸውም እኩል ነው።

«ኖርማል» አልኩ።

ወረቀቱን አየችና «በል ቀጣዩን አስገባ» ብላኝ ወጣች። በሩንም ዘጋችው። ብቻዬን!