ስለተደጎሰው የመኪናዬ ጣራ

ጎንደር፣ ሐምሌ ፫ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ሹም
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምሁ፣ ክረምቱ ለጉልበትዎ ሳይበረታ፣ ለዓይንዎም ሳይጨልም እንዲያልፍልዎ ከልብ እመኛለሁ። ስለ ዓይንዎ መጨነቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ከፎቅ ቢሮዎ መስኮት ቁልቁል የእኔን መኪና ጣራ ከሌላው ለይተው የሚከታተሉት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ ይህ ዓይን የታመመ ዕለት ከተማችን ያለ ጠባቂ ትቀራለች።

ለመኪናዬ ስላሳዩት ያልተቋረጠ አሳቢነት አመስግኜ አልጠግብም። ጉዳዩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይደናገር ውለታዎን በተራ ልዘርዝረው።

አንደኛ፤ በመጋቢት ወር፣ መኪናዬ ከተሠራች ጀምሮ ጣራዋን የሸፈነው ጥቁር የፕላስቲክ ቆዳ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ከኋላ መስተዋቱ በላይ ይውለበለብ ስለነበር፣ እንዲነሳ አዘዙ። ትእዛዙ ልክ ነበር። ልክ የሆነው እሱ ብቻ ስለሆነ በክብር አነሳዋለሁ። ባለቤቴ እንኳየሁና እኔ የጠርዙን ክፈፍ ፈተን፣ ቆዳውን በፈላ ውሃ እያለሰለስን ገፈፍነው፤ የቀረውን ሙጫ በቤንዚን እያራስን ሦስት ቀን ፋቅነው። ከሥሩ የታቆረው ውሃ ብረቱን በልቶት ስላገኘነው፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጥርተን ቀይ ቀለም ቀባነው።

ሁለተኛ፤ በሚያዝያ ወር ቀዩን ጣራ አዩና፣ ሊብሬው «ጣራው በጥቁር ቆዳ የተሸፈነ» ስለሚል መኪናዋ ሳትለብስ እንዳትንቀሳቀስ አዘዙ። ራስዎ አስወልቀው ራስዎ ስለ እርቃኗ መቆጣትዎ ለሥራ ያለዎትን ትጋት ያሳያል። የፕላስቲኩን ቆዳ አስመራም አዲስ አበባም ልኬ አስፈለግሁ፤ አልተገኘም። ያን ጊዜ ነው አባቴ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ከመደባቸው የተነሱት።

አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ሲደጉሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የእንጨት ገበታውን ቆዳ ያለብሳሉ፣ ቆዳውንም በጋለ ብረት ያስጌጣሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን መሣሪያቸውን ጠቅልለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ተቀምጠው ነበር። ችግሬን ሲሰሙ «ምነው ልጄ፣ ጣራስ ገበታ አይደል? ቆዳ ማልበስ ለኔ አዲስ ነው እንዴ?» አሉኝ። ከፋሲካ የተረፈ ስድስት የፍየል ቆዳ ከየጎረቤቱ ሰብስበው ፋቁት፣ አለሰለሱት፣ አጠቆሩት፤ ስድስቱንም አንድ አድርገው ሰፉት። ከመካከል ወደ ጠርዝ በአጥንት እየዳመጡ፣ አንዲት የአየር ቋጠሮ ሳያስቀሩ ለጠፉት። ከእናቴ ሞት በኋላ ሲያንጎራጉሩ የሰማኋቸው ያን ሳምንት ነው፤ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ለአንድ ቀን ማክሰኝት ደርሼ ስመለስ ጣራው ዙሪያውን ሐረግ፣ መካከሉን ትልቅ መስቀል ታትሞበት አገኘሁት። ደንግጬ ብጠይቃቸው እሳቸው ከእኔ የባሰ ደነገጡ። «ታዲያ ባዶውን ይቅር ኖሯል?» አሉ። መስቀል የሌለበት ቆዳ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

ሦስተኛ፤ በሰኔ ወር ከዳገቱ ላይ ቁልቁል ያዩ እናቶች ለመኪናዬ እጅ እየነሱ፣ የእርስዎው ትራፊክ አድማሴም ቆቡን አውልቆ ቆሞ ሲያሳልፈኝ፣ መንገዱ ተዘጋ። እርስዎም ሊብሬው ስለ መስቀል አያወሳም ብለው ታርጋዬን አስፈቱ፤ ቆዳው በመጪው ሰኞ በሰዎችዎ እጅ እንዲገፈፍም ወሰኑ። መስቀሉ በሊብሬው ይመዝገብልኝ ብዬ ያቀረብሁትን ማመልከቻ «በቅጹ ላይ ለመስቀል ቦታ የለም» ብለው መልሰውልኛል። ይህን ያሉት እንደ ቢሮ ሠራተኛ እንጂ እንደ ክርስቲያን አለመሆኑን ስለተረዳሁ ለነፍስዎ አይስጉ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የምለው ቀልድ የለበትም። ሲደክም የቆየው የአባቴ ዓይን በዚህ ሰሞን ፈጽሞ ጠፍቷል። እኔ መድኃኒት ቤት ያለኝ ሰው፣ የሚሆናቸው ጠብታ ከመደርደሪያዬ አጥቻለሁ። ከእንግዲህ መጽሐፍም ሆነ ጣራ አይደጉሱም፤ የመጨረሻ ሥራቸው ይኸው ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ግቢው ይወጡና ጣራውን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ ሐረጉን በጣታቸው እየተከተሉ ብዙ ይቆያሉ። ትእዛዝዎን አልነገርኋቸውም፤ አቅቶኛል። ስለዚህ ሰኞ ሰዎችዎን ሲልኩ እርስዎም አብረው እንዲመጡ በትሕትና እለምናለሁ። አባቴ ከመኪናዋ አጠገብ ይሆናሉ። እጃቸውን ከቆዳው ላይ የሚያነሱት እርስዎ ራስዎ ይሁኑ።

በትእዛዝዎ አንድ ጊዜ ገፍፎ፣ አንድ ጊዜ አልብሶ፣ እንደገና ለማስገፈፍ ደጁን ከፍቶ የሚጠብቅዎ ታዛዥዎ፣

ባዬ ወልደኢየሱስ
የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ቀሐ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስሁት፤ ማመልከቻዬን ባመጣሁ ዕለት የመዝገብ ቤትዎ ጣራ ፋይሎቹ ላይ ያንጠባጥብ ነበር። ይህን ለአባቴ ባጫውታቸው «ወይ ምስኪን! እስኪያሠራው ድረስ የተረፈችኝን ቆዳ ውሰድለት» ብለው ጠቅልለው ሰጡኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ብረታቸውን የሞከሩባት ስለሆነች መስቀል አለባት፤ ይቅርታ ያድርጉልን።