አባቴ እጃቸውን ያወጡበት መሬት

ግንጪ፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

ከልጅዎ የናፍቆት ሰላምታ ይድረስዎ። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? የእጃጂ ክረምት እንዳይጎዳዎ እሰጋለሁ። አክስቴን ይሳሙልኝ። እማዬም እኔም፣ ተመስገን፣ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ጤናችንን ነው።

በቤተ ክርስቲያን በር ሰው ፊቱን አዙሮብዎ ከሄዱ ወዲህ የሆነውን ልጻፍልዎ። ምክር ቤቱ ከጭልሞ በታች ያለውን ደን ለድንጋይ መፍጫው ሲሰጥ፣ አዴ ወርቂቱ ዛፉ ከተቆረጠ ምንጩ ይደርቃል፣ ዝናቡም ካሁኑ ይብስ ይሸሻል ብለው የለመኑትን ያስታውሳሉ። እጅ ወጣ፣ የእርስዎም ጭምር፤ ደኑ ተሰጠ። እኔ ነገሩ በዚያው ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ሰዉ ግን ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ወደ ምንጩ ነው የወረደው። አዴ ወርቂቱ እዚያ ቆመው፣ የሚቆርጡትን ማስቆም አቃተን፣ የምንተክለውን ግን ማን ይከለክለናል አሉ። ሰዎቹም ከምንጩ በላይ ያለውን የግጦሽ መሬታቸውን ከብት እንዳይገባበት አጠሩት። ከየጓሮው የጽድና የወይራ ችግኝ ተዋጣ። ከሰል አክሳዮቹ ሳይቀሩ ተማምለው ተዉ። መፍጫው ማዶ ሲያጓራ ይውላል፤ እነሱ ወዲህ ይቆፍራሉ። በረዶ ብዙውን ችግኝ ቢመታባቸውም እንደገና ተከሉ።

እኔም በሐምሌ ነጠላዬን ተከናንቤ ሄድኩ። ማንም እንዳያውቀኝ ነበር፤ ሲቆፍሩ የነበሩት ኦቦ ሚልኬሳ ግን ከሩቅ ለዩኝ። ስድብ ስጠብቅ፣ «ናጋ ዳ፣ ደህና ነሽ ልጄ? አባትሽ ተሻላቸው?» ብለው መቆፈሪያቸውን አቀበሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከጎኔ የምትተክለው ኡርጌ ደግሞ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። ከሸነን ወደዚህ መዛወሬን ሰምታ ኖሯል። ልጄን አንቺ ልታስተምሪልኝ ነው ብላ ጭቃ በነካው እጇ አቀፈችኝ። ከክፋት አልነበረም። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

አባዬ፣ ያ ሁሉ ዓመት የተኛው የዝውውር ማመልከቻዬ በስብሰባው ማግስት እንዴት እንደነቃ አልጠይቅዎትም። ያኔም አልጠየቅኩም፤ እልል ነው ያልኩት። አንድ ልጄ ከአጠገቤ ብትሆንልኝ ሲሉ የኖሩትን እኔም፣ አገሩም እናውቃለን። አልተቆጣሁዎትም። ያፈርኩት በራሴ እልልታ ነው።

ወደ ቤትዎ ይመለሱ። ኦቦ ሚልኬሳ አጥሩን የሚያጠብቅ ሰው ያንሰናል ብለውኛል፤ ይህን ለእኔ መንገራቸው እርስዎ እንዲሰሙት መሰለኝ። ሄደው ቢያግዟቸው የሚያባርርዎ የለም።

እኔ ትናንት የዝውውር ወረቀቴን ልመልስ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ኃላፊው እብድ ነሽ ወይ አለኝ። ለእማዬ ገና አልነገርኳትም፤ ሻንጣዬን ስታይ ምን እንደምትል እንጃ።

አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ለአገርዎ መንገድ ያብቃዎ። በመስከረም ሲጽፉልኝ ወደ ሸነን፣ ወደዚያው ትምህርት ቤት ይላኩልኝ።

አንዲት ልጅዎ