የዞረው ዲሽ

ጥቅምት 12
የትናንቱ ንፋስ ዲሹን አዙሮታል። የለመድናቸው ቻናሎች ጠፉ፤ ድራማዬም አብሮ! ሪሲቨሩን ስጎረጉር አንድ ብቻ ተገኘ፤ ቀኑን ሙሉ የእስያ አገሮችን የሚያስጎበኝ። ጀልባ፣ ገበያ፣ ደግሞ ጀልባ... ዲሽ ሠሪው ይታገሱ ወልድያ ሄዷል፤ አርብ ነው ወደ ከተማችን መርሳ የሚመለሰው። እስከዚያ ምን ልሁን?

ጥቅምት 14
እናቴ ዓይኗን ከቲቪው ሳትነቅል፣ "ይኼ የት አገር ነው?" አለችኝ።
"እስያ ነው።"
"ሳዑዲስ?"
"እሷም እስያ ውስጥ ናት፣ እማ።"
የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ስለነበር ሌላ አላልኩም።
እህቴ ነሲባ ሪያድ ሰው ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ። ከሰኔ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው።

ጥቅምት 17
ይታገሱ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። እናቴ በር ላይ ቆማ አላስገባ አለችው!
"እማ ከድጃ፣ ላስተካክልልዎ እኮ ነው።"
"ዲሼን እንዳትነካብኝ!"
እሱ ሳቀ። እኔ በገንኩ። መሰላሉን ይዞ ተመለሰ።

ጥቅምት 18
ገባኝ። ጀልባውን አይደለም የምታየው... ከኋላ የሚያልፉትን ሰዎች ነው። ገበያ ሲመጣ ወደ ቲቪው ትጠጋለች። ፊት ለፊት ቆሞ የሚያወራውን ሰውዬ "ዞር በል፣ አትከልለኝ" ትለዋለች።
ነሲባን እየፈለገች ነው! ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳዑዲም እስያ ናት ብዬ በደፈናው የነገርኳት እኔ ነኝ። "እዚያ ሁሉ ሰው መሀል እንዴት ትለያታለሽ?" ብላት፣ "ልጅ ሳለች በግራና ከተማ ገበያ ስትጠፋብኝ በአረማመዷ አይደል የማገኛት?" አለች።

ኅዳር 2
ከትምህርት ቤት ካርታ ይዤ መጣሁ። ሪያድ እዚህ፣ ያ የምታዪው አገር ደግሞ እዚያ ጥግ፣ አልኳት። በእጇ ለካችው።
"ስንዝር አይሞላም እኮ!"
ካርታዬን ጠቅልዬ ተውኩት።

ኅዳር 9
የነሲባ ስልክ ዛሬም ዝግ ነው።

ኅዳር 20
ዛሬ እኔም ነሲባን ስፈልግ ተገኘሁ። ባቡር ጣቢያ እያሳዩ ነበር፤ ጥቁር ሻርፕ ያደረገች ሴት ስታልፍ ከወንበሬ ተነሳሁ። አስተማሪ ተብዬ! እናቴ አየችኝ። ነሲባ በሕይወት አለች? ይኼን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም ነበር።

ታኅሣሥ 3
ደወለች! አልሐምዱሊላህ! ደህና ናት። የቀድሞ አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት ነበር። አሁን ሌላ ቤት ገብታለች፤ እነዚህኞቹ በየሳምንቱ አርብ ትንሽ እንድታወራ ፈቅደውላታል።
እናቴ አልቅሳ ሲወጣላት ቁጣ ጀመረች። "ያን ሁሉ አገር ስፈልግሽ የት ነበርሽ?"
"እማ... ከቤት ወጥቼ አላውቅም እኮ። መንገዱን ያየሁት የመጣሁ ቀን ብቻ ነው።"
እናቴ ወደ ስልኩ ተጠጋች።
"እንግዲያው እኔ ልንገርሽ" አለች እናቴ። ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ጎመን የሚሸጡትን ሴቶች ነገረቻት። በረዶ የለበሰውን ተራራ፣ መንገድ ዘግቶ የሚተኛውን ዝሆን... ነሲባ ማልቀሷ ይሁን መሳቋ አልለይ አለኝ።
"ሌላስ፣ እማ?"

ታኅሣሥ 5
ይታገሱ መንገድ ላይ አገኘኝ። "እንግዲህ ልጅቱ ተገኘች፤ ዲሹን ላስተካክለው?"
"ተወው" አልኩት። ድራማዬም ይቅር።
ቤት ስገባ እናቴ ቲቪው ፊት ናት። አሁን ሰዎቹን አትፈልግም፤ ባሕሩን፣ ቤቱን፣ አበባውን ነው የምታየው። "ሀስና፣ ይኼን ጽፈሽ ያዢልኝ፣ እንዳልረሳው" አለችኝ። ለአርቡ ስልክ ነው።