ስለ ተዘጋው ሜዳ

ይድረስ ለምወድዎ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሸጋው፤ ገዳሪፍ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ያ የወባ ትኩሳት ተመልሶ አልያዘዎትም? የማሽላ አጨዳው ወገብዎን አልጎዳውም? የሱዳን ምግብስ ተስማማዎት? እኔ እህትዎ አየሁሽ፣ ባለቤቴ አዛናው፣ እናታችንም ከናፍቆትዎ በቀር ቆመን እንሄዳለን፤ አምላክ ይመስገን። ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽዎትም። እናታችን ክፉ ክፉውን አትጻፊለት፣ በሰው አገር ልቡ ይሰቀላል ብላኝ ነበር። ዝም ብዬ ብቀመጥ ግን መፈንዳቴ ነው። ይህን የሚጽፍልኝ ዲያቆን እንኳ ቀስ በይ፣ እጄ አልደረሰልሽም እያለ ይለምነኛል።

ነገሩ የላሞቹ ነው፤ የእርስዎ ሁለቱ፣ የእኛም ሦስቱ። ታስረዋል። ከሥሩ ጀምሬ ልንገርዎት።

የወንዙ ዳር ሜዳ ያገር ሁሉ መሆኑን፣ ክረምቱን ተዘግቶ ከርሞ ለኅዳር ሚካኤል እንደሚከፈት እርስዎ ያውቁታል። አያ ፈረደ ሲጠብቁት፣ እኛም ከየቤታችን ማሽላ ስናዋጣላቸው ኖረናል። አምና እርስዎ ከሄዱ በኋላ ታዲያ አንድ ነጋዴ መጥቶ ግማሹን አርሼ ሰሊጥ ልዝራበት አለ። ሽማግሌዎቻችን መተማ ድረስ ሄደው ለጣልያኑ ሹም አቤት አሉ። ሹሙም እንዲህ ያለውን መሬት መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ከእንግዲህ ማሽላ አታዋጡ፣ የጠባቂውን ደመወዝም የአጥሩንም ወጪ ከገበያው ቀረጥ እኛ እንችላለን አላቸው። ነጋዴው ተባረረ። እኛም እልል አልን። ማሽላችን በየጎታችን ቀረ፤ አያ ፈረደም በስተርጅና ደመወዝተኛ ሆነው ካኪ ኮት ለበሱ። እኔማ ኮታቸውን ባየሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣብኝ ነበር።

ሜዳው እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ምን ብሎ ይጠይቃል? ሜዳ የሚዘጋው በቀኑ ሊከፈት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ ማን አሰበ! የኅዳር ሚካኤል ዕለት እንደ ልማዳችን ከቅዳሴ መልስ ከብቱን ነድተን ስንሄድ፣ አያ ፈረደ በሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆመው አገኘናቸው። ሹሙ ካላዘዘኝ አልከፍትም አሉ። ለሹሙ ቢነገረው፣ እንዲጠበቅ እንጂ እንዲጋጥ የጠየቀኝ የለም፣ ለማስከፈት ወደ ጎንደር መጻፍ አለብኝ አለ። ጻፈም አሉ። ከጎንደር ግን ድምፅ የለም።

ጋሼ፣ ያን ሣር ቢያዩት! ዘንድሮ ዝናቡ መልካም ስለነበረ ከሰው ወገብ ይደርሳል። ከአጥሩ ወዲህ ያለው መሬት ግን እንደ ተላጨ ራስ ሆኗል። ከብቱ አጥሩ ሥር ተኮልኩሎ ሲያየው ይውላል። አንጀቴ አረረ። ለማን ልጩህ? አቤት ብለን ያስዘጋነው እኛው ነን።

በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ሽማግሌዎቹ መከሩና የመጣው ይምጣ ተባለ። አያ ፈረደን ቀድመው ቢያማክሯቸው፣ እኔ መጮሄ አይቀርም፣ የምከፈለውም ለዚሁ ነው፣ ድምፄ ሩቅ እንደማይሄድ ግን ታውቃላችሁ አሉ። አዛናው የበሩን እሾህ ገፍቶ ከፈተ፤ ከብቱ ገባ። እሳቸውም ጮሁ፤ ምስኪን፣ ሳል አቋረጣቸው። ዳሩ ግን ጣልያን በሚያሠራው መንገድ በኩል ሲያልፉ የነበሩ ባንዶች አይተው ኖሮ፣ መጥተው እረኞቹን አባረው ከብቱን ሁሉ ያዙት።

ሹሙ ደግሞ ምን ቢያዝ ጥሩ ነው? ከጎንደር ፍርዱ እስኪመጣ ከብቱ ከተያዘበት ንቅንቅ እንዳይል! እንግዲህ የታሰረው እዚያው ሜዳው ውስጥ ነው። የከለከሉንን ሣር ሌት ተቀን ይግጣል፤ ወንዙም አጠገቡ ነው። ባሎቻችን በሳቅ ሞቱ። ጾም ስለሆነ ወተት ትዝ ያለው የለም። ጥጆቹ በየቤቱ ታስረው መቅረታቸውን ያሰብን እኛ ሴቶቹ ነን። ግሬራችንን ይዘን ለማለብ ብንሄድ ባንዳው ጠመንጃ ደግኖ መለሰን። እንግዲያው ጥጆቹን እናስገባላቸው ብንል፣ ከተያዘው ከብት ላይ መጨመር አይቻልም ተባልን። አያ ፈረደ ተናደው ካኪ ኮታቸውን ባንዳው እግር ሥር ወረወሩት፤ እሱ አንስቶ ለበሰው።

የላምዎ የቦቃ ጥጃ ትናንት ሞተ። የማሽላ አጥሚት በጣቴ ባጠባውም አልሆነለትም። እኛስ ጾመኛ ነን፤ ጡት ያስጣልኳት ልጄ መስከረም ግን ምኑን ታውቃለች? የሁሉም ቤት አንድ ስለሆነ ከጎረቤት የሚገኝ ወተት የለም። ይህን የሚያደርስልዎት ግመለኛው ሙሐመድጣሂር ሲመለስ፣ እባክዎ አንዲት የምትታለብ ፍየል ፈልገው ይላኩልኝ። አምስት ላም እያላት ፍየል የምትለምን ሴት ማፈር ነበረባት፤ እኔ ግን አላፍርም።

አብሮዎት ላለው ለጀምበሩ፣ ለቤት አከራይዎም ለሐቢባ እጅ እነሳለሁ ይበሉልኝ። እናታችን ዓይንዎን ትስማለች። አዛናው መሳቁን ትቷል፤ ሰላም ብሎዎታል። አያ ፈረደም ያለ ኮታቸው ሰላም ይላሉ። መስከረም ሰላምታ የምትልክበት ዕድሜ ላይ አልደረሰችም። ይኸው ዲያቆኑ ይህን ሲጽፍ እሷ አጥሩ ጋ ቆማ ቦቃን ትጣራለች። ቦቃም ድምፅዋን ታውቃለችና ትመጣለች፤ ጡቷ ሞልቶ ወተቱ ሣሩ ላይ ይንጠባጠባል።

እህትዎ አየሁሽ
ሽንፋ፤ ታኅሣሥ ፳፮ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.