ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣው ሽታ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ከቀኑ 9፡00

ሐጂያ፣ የባሌ እናት፣ ተኝተዋል። የግፊት ክኒናቸውን ውጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫ ስበው። እኔ ዕቃ ቤት ነኝ። በጓሮ በር ገብቼ ወደ ሳሎን የሚያስገባውን በር ቀረቀርኩ። ሐጂያ ቢነቁ ልብስ እያጠበች ነው ይላሉ።

ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ከሥር ጥቂት ቁራጭ ቀርቷል። መ. (ባሌን መሐመድን እንዲህ ነው የምጽፈው፤ ሙሉ ስሙን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል) ከጅቡቲ በሹፌሮች እጅ ያስመጣው የነበረ የፒፓ ትምባሆ። ድቅድቅ ያለ ጥቁር። ቅጠሉን ደራርበው፣ ጨምቀው፣ በስሱ ይቆርጡታል። ላየው ሰው ቋንጣ ነው። አንዱን አንስቼ መዳፌ ላይ አሸሁት። ከቸኮልኩ ይደቃል፤ ቀስ ካልኩ ክር ክር ይሆናል። ከዚያ ጋዜጣ ላይ አስጥቶ መጠበቅ። ጠውለግ ካላለ እሳት አይቀበልም።

ሠላሳ ዓመት ያሸሁለት እኔ ነኝ። የእሱ ጣት ወፍራም ነው፣ ይፈጨዋል። አንድ ቀን መኪና እየነዳ ለኩሺልኝ አለኝ። ለኮስኩ፤ መልሼ አልሰጠሁትም። ከዚያ ወዲህ ተራ በተራ ሆነ። ከሱ በቀር ያወቀ የለም።

ፒፓውን ሞልቼ ክብሪቱን ዙሪያውን አዳርሳለሁ። ትምባሆው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። በምስማር ራስ ቀስ አድርጌ እጫነዋለሁ። ሁለተኛ ክብሪት። ከዚህ በኋላ እንደ ትኩስ ሾርባ ፉት እያሉ ነው። የቸኮለን ምላሱን ይለበልበዋል። መጀመሪያ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል፣ መሃል ላይ የተቃጠለ ስኳር፣ መጨረሻው መራራ። ኃይለኛ ነው። አንዴ በባዶ ሆዴ አጭሼ ስርቅታ ያዘኝ፣ ግድግዳው ዞረብኝ። መ. እየሳቀ ስኳር አልሶኛል።

ዒዳ ላይ ነኝ፣ ደብተር። ባሏ የሞተባት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች። ኩል የለ፣ ሂና የለ፣ ሽቶ የለ። እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ይቀረኛል። ከመስኮት ጉም አያለሁ፣ ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚያልፈውን ባጃጅ እሰማለሁ፣ በቃ። አንድ ነገር ግን ያስጨንቀኛል። ይህ ትምባሆ የጽጌረዳ ሽታ አለው፣ የድሮ ገላ ሳሙና ዓይነት። ሽቶ ይባላል? ማን ይጠየቃል? ሸኽ ዑመር ዘንድ ሄጄ፣ ሸኽ፣ የማጨሰው ትምባሆ ዒዳዬን ያበላሽብኝ ይሆን ወይ ልበል? ሳቄ መጣ። መ. ከሞተ ወዲህ የሳቅኩት ዛሬ ነው።

ቅርንፉድ አኘክሁ። አፌን ተጉመጠመጥኩ። ውዱእ አድርጌ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ጠዋት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሐጂያ በጠዋት ተነስተው ቁርስ ጠየቁ። ከቀብሩ ወዲህ በልመና ነበር የሚጎርሱት። ዛሬ ራሳቸው ዳቦ ቆረሱ፣ ሻይ ደገሙ።

ከዚያ ጠጋ በይ አሉኝ። ልጄ ትናንት መጥቶ ነበር አሉ።

ሐሙስ የሙት ሩሕ ቤቱን ሊያይ ይመጣል፤ ይህን እኔም ከናቴ የሰማሁት ነው። ሐጂያ ደግሞ ምልክት አላቸው። መ. ሽበቱ ወጥቶም እናቱ ፊት አጭሶ አያውቅም። ነውር ነው። እዚህ ዕቃ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ እሳቸው ሳሎን ሆነው ያላወቁ ይመስላሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ለሳቸው ልጃቸው ቤት ውስጥ አለ ማለት፣ ከተዘጋ በር ጀርባ ያ ሽታ መጣ ማለት ነው። ትናንት መጣ።

ጭሱ በመስኮት የወጣ መስሎኝ ነበር። የደሴ ጉም መልሶ አስገብቶታል።

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ዳቦውን ሲበሉ አየሁና ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ማታ

ዛሬ አላጨስኩም። ይቅርብኝ ብዬ ነው። ጨዋታው ሳይከፋ በፊት።

ሐጂያ ግን ከዙህር ጀምሮ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ስጋጃ አንጥፈው ተቀመጡ። አጠገባቸው ተምርና ውሃ፣ ለሱ ሶደቃ። መግሪብ ሆነ። ሽታ የለም። ምን አጥፍቼበት ነው የቀረብኝ አሉ። ክኒኑን እንቢ። እራት እንቢ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አሁንም አልበሉም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። ጉልበታቸውን በዘይት አሸሁላቸው። መ. በሞተበት ሳምንት እንዲህ ነበሩ።

በመጪው ሐሙስ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ፣ አልኳቸው። አፌ ይቆረጥ። ዞር ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ውሃ ስጪኝ አሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ከቀኑ 11፡00

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከዙህር በኋላ ሐጂያ በሩ ማዶ፣ እኔ በሩ ወዲህ። ለኮስኩ። ምንም አልጣመኝም። ቸኮልኩ መሰለኝ፣ ምላሴን ለበለበኝ። እስከ ዛሬ ያጨስኩት አምሮኝ ነው። ዛሬ የታዘዝኩትን ሥራ ነው የሠራሁት።

ትንሽ ቆይቶ አሰላሙ አለይኩም ሲሉ ሰማሁ። ለልጃቸው። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። ስለ ጉልበታቸው። ዘንድሮ ብርዱ ስለ መክፋቱ። ከዚያ ስለ እኔ። ሚስትህን አላህ ይስጣት፣ የወለድኳት ብትሆን እንዲህ አትይዘኝም አሉት። ሠላሳ ዓመት ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ እንጂ ሌላ ቃል አልሰጡኝም። ጭሱ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሳል ይተናነቀኛል። ሳል መልቀቅ አልችልም፣ ሙት አያስልም። እንባዬ በጉንጬ እየወረደ ትንፋሼን ያዝኩ።

ያን ጊዜ የግቢው በር ተንኳኳ። ያሲን፣ ዋርሳዬ፣ የመ. ታናሽ ወንድም። ኮምቦልቻ ሱቅ አለው። ሳይደውል ነው የመጣው። በጓሮ በር ወጥቼ፣ ቅርንፉድ ጥርሴ ላይ አድርጌ ከፈትኩለት።

ሳሎን ገባና ቆመ። አፍንጫው ሠራ። ማን መጥቶ ነበር አለ። ሐጂያ ፊታቸው በርቶ፣ ወንድምህ አሉት። እሱ እሳቸውን አላየም፣ እኔን ነው ያየኝ። ወደ ጓሮ ወጣ። ክረምት ዝናብ የናደውን የአጥር ጥግ ቆሞ አየ። ይህ ከመቼ ወዲህ ነው አለ። ከክረምት አልኩ። ራሱን ነቀነቀ።

እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም ብሎኝ ሄደ። ሻይ እንኳን አልጠጣም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ሰሚራ ደወለች። ልጄ፣ እዚያው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች። ስታለቅስ ቆይታለች፣ ድምጿ ያስታውቃል። አጎቷ ነግሯታል። እናትሽ ዒዳ ላይ ሆና ወንድ በጓሮ ታስገባለች፣ ሐጂያን በጅኒ ታታልላለች ብሏል። በሚቀጥለው ሐሙስ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። ሐጂያንና እኔን ኮምቦልቻ ሊወስደን፤ ዒዳዬን በሱ ቤት በሚስቱ ዓይን ሥር እንድጨርስ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስሜን ሊሸፍንልኝ አስቧል። ሁለተኛ ሚስቱ አድርጎ። ይህን በግልጽ አላለም፣ ዒዳ ሳያልቅ አይባልም። ቤቱ ሰፊ ነው ብቻ አለ።

እማ ማን ነው የሚመጣው አለችኝ። ማንም አልኳት። ስልኩ ውስጥ የፋብሪካው ጩኸት ብቻ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ለሰሚራ እውነቱን ነገርኳት። እኔ ነኝ የማጨሰው፣ የአባትሽን ፒፓ አልኳት። ማሸቱን፣ ጋዜጣውን፣ ምስማሩን፣ ሁሉን ዘረዘርኩላት።

አላመነችኝም። ሰው ለመደበቅ ብለሽ በራስሽ ላይ እንዲህ ያለ ታወሪያለሽ አለችኝ። ከዚያ አሰብ አድርጋ፣ እውነት ከሆነማ እሱ ይብሳል አለች። ወንድ ቢሆን ሰው ይረሳዋል፣ ፒፓ የምታጨስ እናት ግን ለልጅ ልጅ ይወራል። ከድጡ ወደ ማጡ።

ተናደድኩ። አባቷ ሲያጨስ ያምርበት ነበር፣ እሷው ነበረች ክብሪት የምታቀብለው። እኔ ስይዘው የትውልድ ነውር ሆነ። ስልኩን ዘጋሁባት። በኋላ መልሼ ደወልኩ፤ ስለ ብርዱ አወራን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24። ከመግሪብ በፊት

አንድ ቁራጭ ቀርቷል። ቆርቆሮውን ገልብጬ መታሁት፣ አንድ ብቻ።

አልተኛሁም፣ ሳስብ ነው ያደርኩት። ዝም ካልኩ፣ ያሲን ይወስደኛል። ይህን ቤት፣ ይህን መስኮት፣ የመ. ወንበርን ትቼ በሌላ ሴት ቤት፣ በዓይኗ ሥር። ስሜም ከነእድፉ። ከተናገርኩ፣ ሐጂያ ልጃቸውን ሁለተኛ ይቀብራሉ። በኔ እጅ። ሽማግሌዎቹ ባያምኑኝስ? ልጄ እንኳ አላመነችኝ።

ሐጂያ ዛሬ ነጠላ አሳጠቡኝ። ነገ ሐሙስ ነው፣ ይመጣል አሉኝ። የጠቆረ ነጠላ ይዤ አልቀመጥለትም አሉ። እስኪነጣ አሸሁት። ሌላ ምን አደርጋለሁ። ሆድ ይፍጀው።

አንድ ነገር ግን ቆረጠልኝ። ከያሲን አፍ አይሰሙትም። ከሰሙም ከኔ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25። ከቀኑ 8፡30

ነገርኳቸው።

ዙህር ሰግደው እንዳበቁ እጃቸውን ይዤ ዕቃ ቤት አስገባኋቸው። ገብተውበት አያውቁም። ልጃቸው እንዳያፍር ብለው በሠላሳ ዓመት ያንን በር አልፈው አያውቁም። በመ. ወንበር አስቀመጥኳቸው። ነጩን ነጠላ ለብሰዋል። የመጨረሻውን ቁራጭ ፊታቸው አሸሁ። እጄን ብቻ ያያሉ። ሞላሁ፣ ለኮስኩ፣ በምስማሩ ተጫንኩ፣ ደግሜ ለኮስኩ።

ሽታው ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ሰላምታ ጀመረ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፣ ፒፓው አፌ ውስጥ።

ሐሙስ ሐሙስ አንቺ ነበርሽ አሉ። አዎ አልኳቸው። እሱ አልመጣም ማለት ነው? አልመጣም፣ ሐጂያ፣ አውፍ ይበሉኝ።

አለቀሱ። ድምፅ የሌለው ልቅሶ፣ ትከሻቸው ብቻ። እግራቸው ሥር ተቀምጬ አብሬ አለቀስኩ። ልባቸውን ሰብሬዋለሁ፣ ደብተር። እያየሁ ነው የሰበርኩት።

ፒፓው ሊጠፋ ሲል ቀና አሉ። እንዴት ነበር የሚይዘው አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ሽታውን እንጂ ሲያጨስ አንድም ቀን አላዩትም። አሳየኋቸው። ክርኑን ጉልበቱ ላይ፣ አውራ ጣቱን ከሥር፣ ግራ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ፉት ሲል። ዘንበል ብሎ ራዲዮ ሲሰማ። እስቲ ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ራሳቸውን እየነቀነቁ እንደ አባቱ ነው የሚቀመጠው አሉ።

9፡00

መጡ። ያሲን፣ ሸኽ ዑመር፣ ሌላ አንድ ሽማግሌ። ሐጂያ ራሳቸው በምርኩዝ ሄደው ከፈቱ። ከመሄዳቸው በፊት በሹክሹክታ፣ እሱ ነው የመጣው እላቸዋለሁ፣ እኔን በዚህ ዕድሜዬ ማን ውሸታም ይለኛል አሉኝ። እዚሁ ተቀመጪ፣ በሩን ዝጊ። ወላሂ አሳልፌ አልሰጥሽም።

እዚህ ሆኜ ያሲንን እሰማለሁ። ይኸው፣ ዛሬም ይሸታል እያላቸው ነው። ሐጂያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለኔ ብለው ሊዋሹ ነው፣ ውሸት መሆኑን አሁን ባወቁት ነገር። ከዚያ በኋላ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሁለታችንም ይህን ውሸት ስንጠብቅ እንኖራለን፣ አንዳችን በር ወዲህ፣ አንዳችን በር ወዲያ።

አይሆንም። አንድ ክብሪት አለኝ። ፒፓው ውስጥ ትንሽ ቀርቷል፣ መራራው። ለኩሼው ይዤ እገባለሁ። ያሲን ይይ። ሸኽ ዑመርም እዚያው አሉ፣ የሽቶውን ነገር እጠይቃቸዋለሁ።